ገመድ ጣዩ

ስሙን ስጠይቀው «አትርሳው» አለኝ።
ካርዱ ላይ ጻፍኩና ቀጣዩን ጠራሁ፤
ስም ብቻ መሰለኝ።

ነሐሴ ነው፣ ቡሬ፣ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
ከበሩ እስከ አጥሩ ሕመምተኛ ሞልቷል።
የወንድሙ ልጅ ነው ደግፎ ያመጣው፣
በዚያ ሙቀት ካፖርት ደርቦ ያለበሰው።
«ጃጅቷል» አለኝ፣ «ሌት ሌት ይጠፋል፤
ሟች ሚስቱን ፍለጋ በርበሬ ማሳ ይገባል።»
እጅጌውን ገለጥኩ፤ አንጓው ላይ ቀለበት፣
ገመድ የበላው፣ ሥጋ የወጣበት።
«ለራሱ ብለን ነው።» ሌላ ምን ይባላል?
ጻፍኩ፦ «የገመድ ቁስል። ታጥቦ ቅባት ተሰጥቷል።»
እጄንም ታጠብኩ። ቀጣዩ ይገባል።

አያ አትርሳው ድሮ ገመድ ጣይ ነበረ፣
በሽግሽጉ ዘመን የቀበሌው መሬት በእሱ ተሰፈረ፤
ለገዛ እህቱ እንኳ ስንዝር አልጨመረ።
ሰው ሲምል ይል ነበር፦ «እንደ አትርሳው ገመድ
ቀጥ ይበል ነገሬ፣ ወዲህ ወዲያ አይንጋደድ።»

ከጤና ጣቢያው ጋር አንድ አጥር ተጋርቶ
የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ አለ፣ ፊቱን ወዲያ አዙሮ፣ ጀርባ ለኛ ሰጥቶ።
እዚያ ትዋብ አለች። ከፊቷ አንድ ዶሴ፦
የስጦታ ውል፣ ሁለት ጥማድ መሬት፣
ከሥሩ ሰማያዊ የአውራ ጣት ምልክት።
ሦስት ምስክር ፈርሟል። እሷን ያልገባት፦
የገዛ ልጁን ስም የረሳ ሽማግሌ
ይህን ውል ማን አስታወሰው?

ሁለት ወር ሙሉ
እኔ አንጓውን፣ እሷ አውራ ጣቱን፣
አንድ እጅ ለሁለት ቆርጠን አስቀመጥን
በየመሳቢያችን።

ያገናኘን ስብሰባ አይደለም። ዶፍ ነው።
አንድ ጣራ ጠርዝ ሥር ተጠግተን ቆመን፣
ወሬ ስናጣ ሥራችንን አወራን፤
እሷ ስለ ቀለሙ፣ እኔ ስለ ቁስሉ፣
እስኪያያዝ ድረስ ጣትና አንጓው ሁሉ።
«ስሙስ ማን ነበር?» አለችኝ።
«አትርሳው» አልኳት።
ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

በማግስቱ ሄድን፤ እሷ ዶሴ፣ እኔ ፋሻ፣ አንድ ፖሊስ።
ጎረቤት በአጥር ላይ፦ «ይህ የጠበል እንጂ የናንተ አይደለም።»
የወንድሙ ልጅ ሚስት መሬት ተቀመጠች፣
«ሰባት ወር አልተኛሁ» ብላ አለቀሰች፤
«ወንዙ አፉን ከፍቶ እሱ በሌት ሲወጣ
ማን ጠየቀን?» አለች፣ «ማን ከዚህ ደጅ መጣ?»
መልስ አልነበረኝም።
ይኼ የሚሞላበት መስመር ካርዴ የለውም።

ገመዱን ስፈታ በየአሥር ክንዱ ቋጠሮ አገኘሁ።
የራሱ መለኪያ ነው።
አንጓውን የበላው አንዱ ቋጠሮ ነው።

ውሉ ፍርድ ቤት ነው፣ ቀጠሮው ለጥቅምት።
አያ አትርሳው አሁን ከእህቱ ልጅ ቤት።
ትዋብ ማክሰኞ ትሄዳለች፣ እኔ ዓርብ፤
ያችን ሴትዮም አልተውናት፣ ማታ ማታ
የሚያግዛት ሰው ይፈለጋል፣ እስካሁን አልተገኘም።

ትናንት ሁለታችንም አብረን ደረስን።
ገመዱን ከትራሱ ሥር አወጣ፣
አንዱን ጫፍ ለእሷ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠና
«ለብቻ አይለካም» አለ።
ከመደቡ እስከ ምሰሶው ወጠርን።
የማን ድርሻ እንደሆነ ግን ጠፋበት፤
ቆመ፣ ምሰሶውን ዳሰሰ፣ ወደ እኔ ዞረ፦
«ረግቧል! አጥብቀህ ያዝ፣ አንተ ልጅ።»