ግማሽ ኪሎ ስኳር

ከጓሳ ማዶ መጡ፣ ሌሊቱን ተጉዘው፣
ይመናሹን ጭነው፣ ቃሬዛውን ይዘው፣
ሁለቱ ከፊቷ፣ ሁለቱ ከኋላ፣
ቅሬው ተፈራርቆ፣ ትከሻው ሲዝላ።
አምቡላንሷ ግቢ ቆማለች፣ ነዳጅ አልቆባት፣
ጎማዋ ሥር ሣር በቅሎባት።
የመሐል ሜዳ ብርድ አጥንት ይቆጥራል፣
በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ከኛ ጋር ያድራል።

ልጁ ሲወለድ አላለቀሰም።
መልኩ የሞፈር ውሃ ድንጋይ፣ ርጥብ፣ ጠቆር ያለ፣ ቀዝቃዛ፤
ማንም ምንም አላለ፣ ዝምታው ብቻ በዛ።
በፎጣ አሸሁት። ጀርባውን ዳበስሁ። አፉን ጠረግሁ።
ጭንብሉን ደፋሁ፣ ፊኛዋን ጨመቅሁ፣ ለቀቅሁ፣
«ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ጨመቅ፣ ሁለት፣ ሦስት»፤
እኔ ስቆጥር የግድግዳውም ሰዓት ይቆጥራል፣
እኔ ለሕይወት፤ እሱ ለምን እንደሆነ ማን ያውቃል?
በስድስተኛው ደቂቃ አንዴ ትንፋሽ ሳበ፤
በዘጠነኛው አለቀሰ፣ ልቅሶ ካሉት፣
የጫጩት ድምፅ ነው፣ በመዳፍ የያዙት።

ሊነጋጋ ሲል ዶክተር ልዑልሰገድ፣ እጁን በጋውኑ ኪስ ከትቶ፣
ስለ አንጎሉ አወራኝ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ።
«አየር ሲቋረጥ» አለ፣ «ሕዋስ ወዲያው አይሞትም፤
መጀመሪያ ይደኸያል። ስኳር እያለው ስኳር አይበላም።
ስኳርን ለማንደድ መነሻ ይከፈላል፣
በሁለት ጫፉ ላይ ፎስፌት ይታሰርለታል፤
ያን የከፈለ ያተርፋል፤
ያጣ፣ ጎተራው ሞልቶ፣ ደጃፉ ላይ ይወድቃል።
ታዲያ መነሻው ቀድሞ የተከፈለበት ስኳር ቢሰጠውስ? ብለው፣
ከአይጥ ግልገል አንጎል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው፣
አየር ነሥተው፣ በሳህን፣ በዚያ ስኳር ነክረው አቆዩት።
ብዙው ሳይሞት ቀረ። እንዳነበብሁት።»

እሱ ስለ ስኳር ያወራል፤ እኔ ቃሬዛ ነው ያየሁት።
በሁለት ጫፉ ሰው።

«መድኃኒት ቤታችን አለ?» አልሁት።
«የለም። አዲስ አበባም የለም። ለሰው ልጅ ገና አልደረሰም፤
ከሳህኑ እስከ ሕፃኑ ያለው መንገድ ጠጠር እንኳ አልለበሰም።»

ከበሩ ኋላ ሸዋንግዛው፣ አባትየው፣ ቆሞ ኖሯል፤
ከዚያ ሁሉ ወሬ አንዲት ቃል ለቅሟል።
ገና ያልነቃ ባለ ሱቅ ቀስቅሶ፣ በር አስከፍቶ፣
ግማሽ ኪሎ በላስቲክ ቋጥሮ መጣ፣ በውርጭ መሐል ግንባሩ ወዝቶ።
«ስኳር ነው አሉ የጎደለው። ይኸው። ካነሰ እጨምራለሁ፤
አንድ ሙክት አለኝ፣ ለፋሲካ ያልሁት፣ እሱን እሸጣለሁ።»

ምን ልበለው? ይኼ ስኳር ያ ስኳር አይደለም ልበለው?
ያኛው ገና በእግሩ ነው የሚመጣ፣ የት እንደደረሰ አናውቀው።
«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልሁት፣
ከግሉኮሱ ጎን፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት።

በሁለተኛው ሌሊት የልጁ እጅ ተንቀጠቀጠ፣
ብስክሌት እንደሚነዳ እግሩ አየሩን ረገጠ፤
ፌኖባርቢታል ሰጠን። ጠበቅን።
በሦስተኛው፣ ጣቴን ወደ አፉ ሳስጠጋ፣
ሳበ። ደከም አድርጎ። ደግሞ ሳበ። ሰማዩ ሳይነጋ።
ነገ ይራመድ ይሆን? ስሙን ሲጠሩት ይዞር ይሆን? አላውቅም።
ዶክተሩም አያውቅም። አንጎል የደረሰበትን ቶሎ አይናገርም።

ቅሬዎቹ ቀድመው ተመልሰዋል፣ ቃሬዛው ባዶ፣ ቀሊል።
ከስኳሩ ለይመናሹ አጥሚት ጨመርንላት፤
ስትጠጣ አለቀሰች፣ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃት።
የተረፈው እዚያው አለ፣ እኔ በቋጠርሁት ቋጠሮ።
ዶክተሩ «ጣይው» ብሎኝ ነበር፣ ሁለቴ ተናግሮ።
ትናንት ማታ፣ ተረኛ ሆኜ፣ አየሁ፤ ጉንዳን አግኝቶታል፣ በሰልፍ፣
አንዷ አንዷ ቅንጣት ተሸክማ፣ ከጠርሙሱ ሥር ስታልፍ።
አልጠረግኋቸውም።