በእርሳስ ይሁን

ማክሰኞ፣ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ፤ ዝናብ መስኮቱን ይገርፋል፣
ከሚኒስቴሩ የመጣው ጥራዝ ጠረጴዛዬ ላይ አርፏል።
«የነገው የሥራ ገበያ» ይላል ሽፋኑ፣ በወርቃማ ቀለም፤
ገበያ ሲሉኝ ሽንኩርት ነው የሚታየኝ፤ እዚህ ግን ሚዛን እንኳ የለም።
ሃያ ስድስት ልጆች፤ ለእያንዳንዳቸው ቅጽ፤ ቅጹ ሰባት ሣጥን፤
የመጨረሻው፦ «ከሃያ ዓመት በኋላ ምን ትሠራለህ? ጻፍ ቁርጡን።»

«ወደፊት ተመልከቱ» ብዬ አነበብኩላቸው፤
ከዚያ እኔም ቀና ብዬ ወደ ፊት አየሁ፦ ወደ ፊታቸው።
ግማሾቹ የአባታቸውን ዓይን ይዘዋል፤ የአባቶቹ ዓይን ግን ኩል አለው፣
ከሽፋሽፍቱ ሥር የገባ ከሰል፣ ሳሙና የማይነቅለው።
እዚህ ሪብኒክ ዳር ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው፤ ዓመቱ ተነግሯል፤
በወሩ ግን ቢራ ቤቱ ሁሉ ማታ ማታ ይከራከራል።

ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ አበራሁ፤
የሚያድጉት በአረንጓዴ፣ የሚከስሙት በቀይ፤ አንድ በአንድ ጠራሁ።
«መምህር» አለ ቲሞን፣ «ከቀዩ መስመር ሥር፣ ከታች፣ በደቃቁ፣
‹የሙያ አማካሪ› ይላል። እርስዎ ነዎት አይደል?» ልጆቹ በሙሉ ሳቁ።
እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ቆመ፤
የቴሌቪዥን ጥገና ነበር የተማርኩት፤ የዲፕሎማዬ ማኅተም ሳይደርቅ ከሰመ።
ያኔ የነገረኝ አልነበረም። ይኸው ዛሬ ልነግር ተቀጥሬ፣
የምናገረው ጠፍቶኝ ቆምኩ፣ ጠመኔዬን በጣቶቼ መሃል ሰብሬ።

በሳምንቱ ጥራዙን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼ አሎይዚን ጠራሁት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት መሬት ሥር የኖረ ሰው፤ ከሰሌዳው ፊት አስጠጋሁት።
ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም።
«የማውቀው ትንሽ ነው» አለ፤ «ኮምፒውተሩንም አልነካሁም።
ድሮ፣ ብረቱ ሳይመጣ፣ ጣሪያውን የሚደግፍ እንጨት ነበር፤
ብረት ድንገት ይከዳል፤ እንጨት ግን ያቃስታል ሊሰበር።
ያንን ሲጢጥታ
ከመሰርሰሪያው ጩኸት መለየት፤ ሙያዬ እሱ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ
ሰማሁት። ‹ውጡ› አልኩ። ስምንት ነበርን። ወጣን።» አለና ተቀመጠ በዝግታ።

ቲሞን እጁን አወጣ፦ «ይህስ በየትኛው ሣጥን ይገባል?»
ከአንድ እስከ ሰባት ለካሁለት፤ ለዚህ ሰው ሁሉም ጠቧል።

ዶብራቫ፣ ከመስኮቱ ዳር፣ ዓመት ሙሉ ቃል ያልወጣት፣
የአሎይዚ ልጅ፣ ተነሣች፤ እንጃ በዚያን ቀን ምን እንደነካት።
«ቤታችን የውድድር ርግብ አለ። አባቴ ካርታ አያሳያትም፤
ቅርጫት ውስጥ ይዟት ሄዶ ይለቃታል እንጂ አይመክራትም።
መጀመሪያ ከአምስት ኪሎሜትር፣ ኋላ ከሃያ፣ ኋላ ከቼክ ድንበር ማዶ።
የቀረችም አለች። የተመለሰችም አለች፣ ጭልፊት ጅራቷን ወስዶ።
ሰባተኛውን ሣጥን…» አለችና ቆመች፤ «በእርሳስ ብጽፈውስ?»

መመሪያው «በጥቁር ቀለም ብቻ» ይላል። ጥቁር አይደለም ወይ እርሳስ?
የከሰል የሥጋ ዘመድ ነው፤ አንዱ ነድዶ ያልፋል፣
ሌላው በላጲስ ይጠፋል፣ ደግሞም ይጻፋል።

«በእርሳስ ይሁን» አልኩ። ሃያ ስድስት እርሳስ ወረቀት ላይ ወረደ፤
ሲጢጥ፣ ሲጢጥ ሲል፣ ጆሮዬ ሳላዘው ወደ ጣሪያው ሄደ።
የሚሰበር ይሁን የሚሠራ፣ ከድምፁ ልለይ ብዬ ቆየሁ፤
አሎይዚን በዓይኔ ጠየቅሁት፤ ትከሻውን ሲነቀንቅ አየሁ።