የክረምት ደንብ

ቅዳሜ፣ ቀበሌ አሥራ ስድስት፣ ስማቸው ቆርቆሮ ቤት፣
ዝናቡ ከጣራው ሲጣላ፣ መብራት ሄዶ፣ ኩራዝ ፊት ለፊት፣
ካርታውን ጠቀለልኩ፤ የዋሻው ጦርነት አበቃ።
«ዛሬ ውጊያ የለም» አልኩ፣ «ጎራዴ ይተኛ፣ ሰው ይንቃ።»

በሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር የጻፍኩት ደንብ አለ፣
ከሞት አፍ ተርፎ የመጣ ሰው፣ ቀኑን በምን እንደዋለ።
ከራሴ አላመጣሁትም፤ የተማርኩት ከዚችው አገር፤
በጋውን ሲዘምት የኖረ ጦር፣ ክረምት ሲገባ ሲሰፍር፣
ወንዝ ሲሞላ፣ መንገድ ሲጨቀይ፣ ጋሻ ሰቅሎ ያረፈባት፣
ጎንደር ራሷ ብታዩዋት፣ ድንጋይ የለበሰች ዕረፍት ናት።

አንድ ሳምንት ሰባት ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሥራ።
የቆሰለ በቀን አንድ ነጥብ ይድናል፣ ከተኛ ከወጌሻ ጋራ፤
ተነሥቶ ገበያ ከወጣ፣ ካገገመው ያጣል ግማሹን።
መማር የሚሻ መምህር ይፈልግ፣ አሥር ሳምንት ይስጥ ራሱን፤
ቅኔ ከሆነ አሥር አይበቃም። (እዚህ ላይ አንጓች ሳቀች፤
የአባቷ አጎት በሰባት ዓመቱ ገና ጉባኤ ቃና ላይ ነበር አለች።)
ጠላ ቤት የሚያመሽ ዳይስ ይጣል፤ ከአምስት በታች ከወጣ፣
ጠዋት ሲነቃ ዕዳ አለበት፣ ወይ የማያውቀው ሰው ቁጣ፤
ሃያ የወጣለት ወሬ ይሰማል፣ የተቀበረ የሚያወጣ።
የሚቀጠቅጥ፣ የሚፍቅ፣ የሚሰፋ፣
በየሳምንቱ አንድ ጭረት ያስምር፤ አሥሩ ሳይሞላ እንዳይለፋ
በሌላ ሥራ።

«አንጓች፣ ያንቺዋ ሴት ምን ትሠራለች?»
«ትማራለች፣ ቁስል መስፋት።»
ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ፣ ያንኑ ስትሰፋ ነው የነጋባት።

«ስማቸው?»
ዝም። ባጃጁ በር ላይ፣ እሱ ነዳጅ ሰልፍ ሁለት ቀን ቆሞ፣
እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ጥቁር ዘይት ጥፍሩ ላይ ታትሞ።
«የእኔ ሰው… ይተኛ» አለ።
«ስንት ቀን?»
«ሰባቱንም።»
ገጽ በገጽ ገለጥኩ፤ ለእንቅልፍ የጻፍኩት ደንብ የለም።
ቁስል የለበት የሚድን፣ ዕቃ የለው የሚያልቅለት፤
ዝም ብሎ ለተኛ ሰው ምን ነጥብ አለ? ምን ዳይስ ይጣልለት?
ከህዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦
«መተኛት ይቻላል። ዳይስ አይጣልበትም።»

ደግሞ አራተኛው ወንበር አለ።
ደምለው ሰኔ ላይ ወረደ፣ መተማ፣ ለሰሊጥ አረም፤
«ሦስት ሳምንት ነው» ብሎ። ስልኩ ከሐምሌ ወዲህ አይጠራም።
ደንቡ ይላል፦ ተጫዋቹ የቀረበት ሰው አይሞትም፣ አይዘምትም፤
ከተማ ተቀምጦ የጀመረውን ይሠራል።
ሌላ አላልኩም።

የደምለው ሰው አባ ቀስቶ ነው፤
ቀስቶ የተባለው ፈረሱ ያለፈው ጊዜ ገደል ገብቶ፣
በፈረስ ስም ይጠራል እንጂ በእግሩ ነው የገባው መጥቶ።
ኮርቻ ጀምሮ ነበር።
በየቅዳሜው አንድ ጭረት፣ እሱ ስለሌለ እኔ ሳሰምር፣
ቆዳው ተፋቀ፣ ግላሱ ተሰፋ፣ እርካቡም ገባ በመስመር፤
ዛሬ አሥረኛው ሞላ።
ኮርቻው አለቀ።
ፈረስ የለውም።

ኩራዙ ተርገበገበ። ማንም ማንንም አላየም።
«ትምህርቴን ሰርዢልኝ» አለች አንጓች፣
«ሳምንቴን ሙሉ ፈረስ ልፈልግ፤ አዘዞ ገበያ ልውረድ፣
ከዚያ ከታጣም ልቀጥል፣ በጭልጋ በኩል ባለው መንገድ።»
ያ መንገድ የት እንደሚያደርስ ሦስታችንም እናውቃለን።
ዳይሱን ጣለች። ተንከባሎ ከኩራዙ ሥር ቆመ።
ሦስት። ከሃያ።

ስማቸው ከተጋደመበት ቀና አለ፦
«ከእንቅልፌ አንድ ቀን ውሰጂ። እኔም ልጣልላት።
ደንቡ ይፈቅዳል?»
ደብተሩን አላየሁም። «ይፈቅዳል» አልኩት።

ውጭ ቀሃ ሞልቶ ይጮኻል።
ዳይሱን መዳፉ ውስጥ ያሞቀዋል፤
ገና አልጣለም።