ሲቀነስ ሦስት

አራጋው ከሚሌ ሞተሩን ሲያስነሳ
ሳተላይት አየችው፤ «ዜሮ አምስት» ብላ ያዘች፣
ሌሊት ትሁን ንጋት ስሟን ሳታነሳ።
ባቲ ላይ ቆመ፣ ግመል አሳለፈ።
ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ከደረቅ ወደቡ በር፣
ጋሽ ይመር ፀሐይቱን በግንባሩ ለክቶ
«ሁለት ሰዓት» ጻፈ።

ማሽኑ ደመረ፣ ማሽኑ ቀነሰ፤
ሰውየው ከመነሳቱ
ሦስት ሰዓት ቀድሞ ደረሰ።

ሳቅን። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ።
ከዚያ ደረሰኙ መጣ፦
ሚሌ ላይ፣ ከመኪናው ሥር፣
በሙቀት ለተገላበጠባት ሌሊት፣
እዚህ ግቢያችን እንደቆመ ተቆጥሮ
የመቆሚያ ኪራይ፣ ከነቅጣት።

ንድፉ የኔ ነው።
«የሰዓት ቀጠና» የሚለውን ዓምድ ክፍት የተውኩት እኔ፤
«ፊደል ከሆነ ይለፍ» ብዬ። ፊደል ሁሉ አለፈ።
በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያች ጠባብ ሳጥን
ምን ያልተጻፈ አለ!
«ሐበሻ»። «የፈረንጅ»። «ጧት»። «ሲደመር ሦስት»።
«ሦስት» ብቻ። «ደሴ»።
አንዱማ «ይደወልልኝ» ብሏል፣ ከነስልክ ቁጥሩ።
ጋሽ ይመር ግን አይናወጥ፤
ዝናብ ቢሆን ሐሩር፣ ያችኑ ሁለት ፊደል፦
«የኛ»።

ሌሊቱን ዝርዝሩን ዘረጋሁ። የዓለም ከተሞች
በፊደል ተራ ቆመዋል፣ የስኳር ወረፋ ይመስል።
ደሴን ፈለግኩ፤ የለችም። ኮምቦልቻም የለችም።
ጦሳ ፀሐይን ከማን ቀድሞ እንደሚያይ
የጠየቀ ማንም የለም።
ለሁላችን የቆመችው አንዲት ከተማ ናት፣
በ«አዲስ» እና በ«አበባ» መሐል ክፍተት እንዳይገባ
ከሥር በሰረዝ የሰፏት።
ጠጋ ብዬ ሳያትማ፣ እሷም የራሷ የላትም፤
«ናይሮቢን ጠይቁ» ትላለች።

ሙኒራ ከጎኔ፣ «ምን ያደክምሻል?» አለች፣
«ሲደመር ሦስት በዪና ዝጊው።»
ቁጥር ዛሬን ብቻ ያውቃል፣ ሙኒራ።
ነገ አዋጅ ወጥቶ ሰዓቱ ቢገፋ
ስም አዋጁን ሰምቶ አብሮ ይሄዳል፤
ቁጥር እዚያው ይቀራል፣
ገበያው መፈታቱን እንዳልሰማ ሻጭ
ሸራውን ዘርግቶ።

ስድስቷስ?
ስድስቷ ቀጠና አይደለችም፤ ከተማ ፈልጌ አጣሁላት።
እሷ የመቁጠሪያው ደፍ ናት፣
ቀንን ከእኩለ ሌሊት ጨለማ ሳይሆን
ፊቱን ከታጠበ በኋላ የሚጀምር ሰው ልማድ።
ልማድን በየትኛው ዓምድ ያስገቡታል?

የሆነው ሆኖ ሕጉን ጻፍኩ፦
ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሁሉ ይመለስ።
ማለዳ የበሩ ስክሪን ቀላ።
«የማይታወቅ እሴት፦ የኛ።»
ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ይመር አልተቆጣም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ልጄ፣ የማንን ልጻፍ ታዲያ?»

በመጀመሪያው ሚኒባስ ከደሴ ወረድኩ፤
የሐረጎን ጠመዝማዛ መልስ ስፈልግ ጆሮዬ ተደፈነ።
ቀጠናውን ከፊቱ አነሳሁለት፣ ማሽኑ ራሱ ይሙላው።
እሱ የሚያየውን ብቻ ይንገረን፦
ጧት ነው? ቀን ነው? ሌሊት ነው?
ስድስቷን መደመርና መቀነስ የኔ ዕዳ ይሁን፣
ማንም በማያየው በኮዱ ሆድ ውስጥ።
ከታች አንዲት ሳጥን ጨመርኩ፣
«እንደተነገረ» የምትባል፤ ማንም የማይመረምራት።

የአራጋውን ገንዘብ እንዲመልሱ ደብዳቤ ጽፈናል።
ገና ነው።

ትናንት ያችን ሳጥን ከፈትኩ፦
«አራጋው ገባ። ጭጋጉ ሐረጎን አልለቀቀም።
የቦርከና ድምፅ ከፍ ብሏል፣ ላይ ዘንቦ መሆን አለበት።
ሁለት ሰዓት። የኛ።»