የሰባት ቁጥር ጥላ

የመጀመሪያው ዙር ያለቀ ለታ
ሠንጠረዡን ለጠፍኩ ከሜትሬ ቦታ፤
ከአሥራ አራት ክለብ አሥራ አንደኛ ወጣን፣
ነጥብ ሳይሆን ዕዳ ቆጥረን ተቀመጥን።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ ፍኖተ ሰላም፣
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሱቄ አይጠፋም፤
በላህ ልጆች ማሊያ ቁጥር የምጠልፍ፣
ሰኞ የምተኩስ፣ እሁድ የምለፈልፍ።

ስለዚህ ልናገር፣ ማንም ባይጠይቀኝ፦
ግራችን ክፍት ነው፣ ይኼ ነው የሚያመኝ፤
እንደ ገበያ ቀን እንደ ከብት በረት፣
የፈለገው ይግባ፣ ያሻው ይውጣበት።
ባዘዘው ይይዛል መስመሩ ላይ ሲቆም፣
ማዕዘን ሲመታ ግን ከቋሚው አይርቅም፤
ኳሷ ስትመጣ ሽቅብ አንጋጦ ያያል፣
ዝናብ የዘገየበት ገበሬ ይመስላል።
አጥቂስ ነበረን፣ የሚያስፈራ፣ የእኛ፣
አምና ወሎ ወሰደው፣ በጋብቻ፣ በዋዛ፤
አሁን ያለው ጥላዬ፣ ልጁ ሸጋ ነው፣
ጨዋ ነው፣ ሰው አይነካም፤ ችግሩም ይኸው ነው።
"መናበብ ይቀራል" ይላል አሰልጣኝ እንየው፣
እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የሚያነበው ማነው?

"ሰው ያስፈልገናል!" አልኩ በስብሰባ፣
"አንድ ተከላካይ፣ አንድ ጎል የሚያገባ፤
መስኮቱ ሳይዘጋ ዛሬውኑ ይታሰብ፣
የሦስት ሱሪ ዋጋ በእኔ ስም ይመዝገብ።"
በርበሬ ነጋዴው ግማሽ ኩንታል ሸጠ፣
የሆቴሉ ጌታ አልጋ በነፃ ሰጠ፤
ባንቻምላክ ባለወፍጮዋ "አንድ ወር በነፃ እፈጫለሁ" አለች፤
ኳስ አይታ አታውቅም፣ በተሸነፍን ቁጥር ግን ታለቅሳለች።

መጡ። ሐሙስ ዕለት፣ በአይሱዙ፣ ከአሸዋ ጋር ተጭነው፣
አንደኛው ማቴዎስ፣ ከአርባ ምንጭ ነው፤
ሁለተኛው ውሰት፣ እስከ ሰኔ ድረስ፣
የተውሶ በሬ ነው፣ ሲመሽ የሚመለስ።
እሰየው አልኩና ቁርጭምጭሚት አየሁ፣
እንደ ከብት ደላላ ሁለት ጊዜ ዞርሁ።
ይኼን ግን አልቆጠርኩም ያን ቀን በስብሰባ፦
አንድ ሰው ይወጣል አንድ ሰው ሲገባ።

ማክሰኞ አመሻሽ ምኒችል መጣ ሱቄ፣
ማሊያውን አጣጥፎ፤ ዝም አልኩ አውቄ።
ስድስት ዓመት የለበሰው፣ የግራ ክንፋችን፣
በአንድ ወገን ብቻ ያበረረን ወፋችን።
"ታጥቧል" አለኝ። "እጅጌው ሥር ትንሽ ተተርትሯል።"
"እሰፋዋለሁ" አልኩት። ለማን እንደሆነ እሱም ያውቃል።
የጉልበቱን ነገር እሱም አላነሣ፣
እኔም ስብሰባ ላይ ያልኩትን ልረሳ
መርፌ ፈለግሁ፣
መርፌው በእጄ ሳለ።

ሰው ገዝተን ስንጨርስ ማሊያ መግዣ የለን፣
"አሮጌውን ለአዲሱ አስተካክል" ተባልን።
ሲሄድ በምላጭ ክሩን በጠስኩት፣
እያንዳንዱን ጥልፍ ቀስ ብዬ ፈታሁት፤
ጨርቁ ፀሐይ በልቶት አመድ ሆኖ ሳለ፣
የሰባት ቁጥር ሥር አረንጓዴ አለ።
ዘጠኝ ደረብኩበት፣ ሁለት ዙር ሰፋሁ፣
የሰባትን ጥላ መሸፈን አልቻልሁ።

እሁድ ከዳንግላ። ሕዝቡ ከባሕር ዛፉ ሥር እንደ ንብ ሰፍሮ፣
ማቴዎስ ኳሷን ይዞ፣ አንገቱን ቀብሮ፣
ከኋላው ሁለት መጡ። አላየም። እኔም ቃል ጠፋኝ።
ያኔ ከጎኔ አንድ ድምፅ ጆሮዬን ሰነጠቀኝ፦

"ሰው!"

ኪሱን ቆሎ ሞልቶ፣ ጉልበቱን በፋሻ፣
ምኒችል ቆሟል ከድንጋዩ መጨረሻ።
"ሰው! ከጀርባህ!"
ማቴዎስ ሰማ፣ ዞረ፣ ወደ ግራ ለቀቃት፣
ጥላዬ ደርሶባት ለቋሚው ሸለማት።

ዜሮ ለዜሮ። ባዘዘው ከመስመሩ ያው ነው፣
ተውሶው በሬያችን ገና እርሻ መልመዱ ነው።
ሰው ያስፈልገናል፣ እላለሁ ዛሬም፣
ቃሉን ግን እንዳምናው አፌን ሞልቼ አልጠራውም።
ምኒችል ቆሎ አካፈለኝ፣ ጨው የበዛበት።
"ግራው ክፍት ነው" አለኝ።
"አውቃለሁ" አልኩት።