አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሥራዬ የሰው ቃል ማሳጠር፣
ግማሽ ቀን የተለቀሰውን በአንድ መስመር መቋጠር።

ቦታ፦ አልዩ አምባ፣ ከአሮጌው ገበያ በታች።
ሰዓት፦ ሦስት ተኩል ተብላ፣ አምስት ላይ ተከፈተች።
የተገኙ፦ የአርጎባ ሽማግሌዎች፣ ከአንኮበር የወረዱ ገበሬዎች፣
ግመላቸውን ከግራሩ ያሰሩ ሁለት አፋሮች፣
በስተኋላ፣ ድንጋይ ላይ፣ ያልተጠሩ ሴቶች።

ኢንጂነር ናሆድ ሸራው ላይ ሥዕል ዘረጋ፤
ሰማያዊው ባሕር ነው፣ ነጩ ነጥብ መርከብ።
«ከቆላው ሸንኮራ የተጠመቀው ነዳጅ እዚህ ይከማቻል፤
በቦቴ ይወርድና፣ ባሕሩ ዳር በቱቦ መርከብ ላይ ይጫናል።
ስድስት ጋን» አለን፣ ታንከር ማለት ከብዶት፤
እኛን ማቅለሉ ይሁን ማክበሩ፣ አላወቅንለት።
ሰብሳቢያችን ቀበል አርጎ፣ «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ብሎ ተረተ፤
አጨበጨብን። ነገሩ ደኅና ተከፈተ።

ሸህ ጡሃ በምርኩዛቸው ቆሙ፦
«ባሕሩን አታሳየን ልጄ፤ ዓይናችን ባያውቀው ምላሳችን ያውቀዋል።
አያቴ በቅሎ እየነዳ፣ ለአሞሌ ሲወርድ ሲወጣ፣
ከጫማው ጨው እያራገፈ ነው እዚህ ቀዬ የመጣ።
ያን ጊዜ እህል ሰደን፣ ጨው ይመጣልን ነበር በልክ፤
አሁን ምን ሊመጣልን ነው፣ እኛ እሳት ስንልክ?»
ጻፍኩ፦ «አንድ አባት ስለ ታሪክ አስተያየት ሰጡ።»

ሁመድ ያዮ ቁጭ እንዳለ ጠየቀ፦
«በበጋ ግመል የምናሳልፍበት መንገድ
ሥዕሉ ላይ የቱ ጋ ነው?»
የናሆድ ጣት ፍለጋ ሄደ።
አጥር ነካ፤ ተመለሰ። ቱቦ ነካ፤ ተመለሰ።
«ይስተካከላል» አለ።
እኔም ጻፍኩ፦ «ተስተካክሏል።»

ደምመላሽ ግን፣ ለምን ይዋሻል፣ ደስ ብሎታል፤
ብየዳ ተምሮ ብረት ሳይነካ ሦስት ዓመት ሆኖታል።
«እኔን ጻፉኝ» አለ። ጻፍኩት፣ ከነአባቱ ስም፤
ያን ቀን ከጻፍኩት ሁሉ እንደሱ እውነት የለም።

ከዚያ፣ ከድንጋዩ ላይ፣ ዘምዘም ቡሽራ፣
ጀሪካኗን ከጀርባዋ ሳታወርድ፦
«ጋን በጠጠር ይደገፋል ስትሉ ሰማሁ። እውነት ነው።
ጠጠሮቹ እኛ ነን፤ ምንጫችንም ከጋኑ ግርጌ ነው።
ግን ጠጠሩን፣ ይከብድሃል ወይ ብሎ፣ የጠየቀ ማነው?
ጋኑ ሲሞላ ይመረቃል።
ሲሰነጠቅ ግን፣
ቀድሞ የሚርሰው ጠጠሩ ነው።»

ዝም ተባለ። ቆርቆሮው በፀሐይ ጠቅ ጠቅ አለ።
ሰብሳቢው ሰዓቱን አይቶ «ጊዜው ስለገፋ…» አለ።

የስም ዝርዝር ዞረ፤ ለውሎ አበል ነው ተባለ።
የቻለ ፈረመ፤ ያልቻለ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ።
ማታ፣ ጽሕፈት ቤት፣ ያችኑ ወረቀት
በትእዛዝ ከሌላ ርእስ ሥር በስቴፕለር መታኋት፦
«ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል።»
እጄ ነው የሰፋው፣ ሌላ ሰው አይደለም።
መቶ አሥራ ሁለት ሰው፤
የዘምዘም አውራ ጣት የለም።

አጀንዳ አራት፣ «ልዩ ልዩ»፣ ሁሌም ባዶ ነው፤
«የለም» ብዬ ነው የምዘጋው።
ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጎህ ሳይቀድ ሄጄ
በሩን ከፍቼ፣ መዝገቡን ዘርግቼ፣
እንዳለችው ጻፍኩት፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣
ከ«ጋን» ጀምሬ «ጠጠሩ ነው» እስክደርስ።
ግልባጩ ሦስት ቦታ ይሄዳል፤ አንዱ እስከ ባሕሩ ዳር።
የሚያነበው ይኑር አይኑር፣ እኔ ምን አውቄ።

ጠዋት ምንጩ ጋ አገኘኋት፤ ጀሪካኗ ግማሽ ደርሷል።
ነገርኳት።
ውሃውን እያየች ቆየችና፣
«ማን አለ ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ።
«አንዲት እናት…» አልኩ።
ክዳኑን ጠበቅ አደረገችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ዳገቱን በሩጫ ተመለስኩ፣
ማኅተሙ ሳያርፍ፣
አምስት ፊደል ይዤ።