አስተያየት ካለ

ከባሕር ዳር ስንነሣ መኪናችን ነጭ ነበር፤
ወረታን አልፈን ስንወርድ መልኩ ሆነ እንደ አፈር።
ከዚያ ወዲያ በታንኳ ነው። መንገዱ ውሃ ለብሷል፤
ቀዛፊው በዘንጉ ጫፍ ታቹን እየነካካ
«ይኸ የትምህርት ቤቱ አጥር ነው፤ ይኸ ድልድዩ» ይለኛል፣
የሰጠመ አገር በሸንበቆ ሲለካ።

እኔ ቅጽ ይዣለሁ፤ ዐሥራ አንድ አምድ አለው።
የአባወራ ስም። የቤተሰብ ብዛት።
ቤት፦ ሙሉ የፈረሰ፣ በከፊል የፈረሰ።
ከብት፦ የሞተ፣ የጠፋ። ልዩነቱን ማን ያውቀዋል?
ሩዝ በቃዳ፣ ሽንኩርት በኩንታል፤
ጥጉ ላይ አንድ ጠባብ አምድ፣ የጣት ወርድ እንኳ የማይሞላ፣
«አስተያየት ካለ» ይላል።

ሰዉ ጉብታው ላይ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ፤
አንድ ሸራ ሥር አድሯል አራስና ጥጃ፣ ሽማግሌና በግ።
አጥሩ ላይ እምቦጭ ተንጠልጥሏል፣ አበባው ገና ሳይረግፍ።
ሊቀ መንበሩ ዋሴ ከረጠበ ደብተሩ ስም ይጠራል፤
አንድ ሰው ሁለት ጊዜ «አቤት» አለ፤
ሁለተኛው የወንድሙ ስም ነው። ማንም ቀና አላለ።

የአንጓች ተራ ደረሰ። «ስንት በግ?» «አራት።»
«የሞቱ ናቸው የጠፉ?» ብዬ ሳልጨርስ
«የቱ ይሻላል?» አለችኝ።
የሚከፈለውን መስሎኝ «ለእርዳታው ልዩነት የለውም» አልኳት።
እሷ ለካ የጠየቀችው
ለበጎቹ ነው።

እንየው ስሙን ጽፌ ሳበቃ ክንዴን ያዘው።
«ና፣ ማሳዬን እይ፤ ወረቀቱን ተወው።»
እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ሩዙ ከሥሩ ተኝቷል።
ጎንበስ ብሎ ዘገነ።
«የኛ መሬት ጥቁር ነው፤ ክረምት እግር ይዞ አይለቅም፤
ይኸ ቀይ ነው፣ ጠጠር አለው፤
ይኸ የኔ አይደለም።
ባለቤት አለው፣ እላይ፣ አንድ የሚፈልገው ሰው።»
ደግሞ እጁን እስከ ክርኑ ከቶ አወጣ፦ ድንች።
እዚህ ቀበሌ ድንች ዘርቶ የሚያውቅ የለም።
ጡጫ የምታህል፣ ጎኗ የተላጠ፣ ከነሕይወቷ ድንች።

ከሦስት ቀን በፊት ጉና ሥር ነበርኩ፣ ፋርጣ፣ በዚሁ ቅጽ፣ በዚሁ እስክሪብቶ።
ሌሊት ነው ጋራው የተናደ፣ ዝናቡ ሳምንት ደብድቦት።
ቸኮለ የሚባል ሰው ከተቆረሰው አፋፍ ቆሞ
«ማሳ፦ ሁለት ቃዳ፣ ድንች። ሁኔታ፦ የለም» ብዬ ስጽፍለት
«የለም አትበል» አለኝ፤ «ሄደ በል።
የት እንደገባ ካገኘህ
ሰው ላክብኝ።»

እንየው ይናገራል፣ እኔ ድንቿን አያለሁ።
«እርዳታ የሚለው ላይ ጓያ ብለህ ጻፍልኝ፤ የጓያ ዘር።
ጥቅምት ላይ ጭቃው ይሰነጣጠቃል፤ ከዚያ በፊት ይድረስ፤
ከደረቀ ወዲያ የሚመጣ ዘር
ንፍሮ ነው እንጂ ዘር አይደለም።»
ጻፍኩ። ከሥሩ አሰመርኩ። ማንበብ ባይችልም
መስመሩን በጣቱ ነካው፣ ያልደረቀውን ቀለም።

ማታ ባሕር ዳር ነኝ። ከመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ዝም ብሏል፣
የገባበትን ሁሉ እንደማያውቅ።
ኮምፒውተሩ ከቁጥር በቀር አይቀበልም።
ከቸኮለ የወጣው ጉዳት፣ እንየው ላይ የገባው ጉዳት፤
አንድ አፈር ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፣ በሁለት ወረዳ፣ በሁለት ተራ፤
የት እንደደረሰ የሚጠይቅ ሳጥን የለም።
ወረቀቱ ላይ ግን፣ በዚያ ጠባብ አምድ፣ ፊደሌን አጥብቤ
«የቸኮለ ማሳ ተገኝቷል» አልኩ። «እንየው ዘንድ ነው። ሰው ይላክ።»

ጠዋት ኃላፊው በቀይ ሰረዘው።
ድንቿ መስኮቱ ላይ ናት፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ፤
ዓይን አውጥታለች።